ጥበብ የመድረክ ብቻ ናትን?



ከእናንተ መካከል ሀዋሳ ከተማ ደርሶ ባህል አዳራሹን ያየ፣ ገብቶም የተቀመጠ አይጠፋም። አዳራሽ ሲባል ፊት ለፊት መድረክ፣ ከመድረኩ ትይዩ ደግሞ የተደረደረ መቀመጫ አለው። መድረኩ ላይ የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ መቀመጫውን የሚሞሉት ብዙዎች። ጥቂቶቹ ያሳያሉ፣ ብዙዎቹ ያያሉ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ተመልካቹ "እነሱስ ተሰጥቷቸዋል!" እያለ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ጋራዡ ይመለሳል። እሱ ራሱ ቀን ከቀን የሚሠራው ነገር ከጥበብ ጋር አንዳች ዝምድና ይኖረዋል ብሎ አያስብም።

ችግሩ ይህ አደራደር በአዳራሹ ብቻ የሚቀር አለመሆኑ ነው። በአስተሳሰባችንም ውስጥ ገብቷል። ጥበብ ሲባል መድረክ፣ ጥበበኛ ሲባል መድረክ ላይ የወጣ ሰው ብቻ ይታየናል። ለመሆኑ ጥበብ የጥቂቶች ሀብት ናትን? ወይስ አላህ (ሱ.ወ) ለባሮቹ እንደየድርሻቸው አከፋፍሏት፣ እኛ ግን በእጃችን መኖሯን ሳናውቅ የምንኖር ሰዎች ነን? ይህ ጥያቄ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መልሱ ልጆቻችንን ወዴት እንደምንመራ፣ ሠራተኛን በምን ዓይን እንደምናይ፣ ከማን ጋር እንደምንበላና እንደምንጋባ ሳይቀር ይነካል።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

አማርኛችን "ጥበብ" ሲል ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል ይጠራል። የአዋቂ ሰው ማስተዋል ጥበብ ይባላል። የሠዓሊው ሙያ ጥበብ ይባላል። ሸማኔ በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ በባለ ቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥም እንዲሁ ጥበብ ይባላል። እስቲ ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል። ነጠላ ያለ ጥበብም ይለበሳል፤ ገላ ይሸፍናል፣ ብርድ ይከላከላል። ጥበቡ ቢቀር ልብሱ ልብስ መሆኑ አይቀርም። ታዲያ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ፣ ድርና ማግ እየቆጠረ ለምን ይደክማል?

"ገዢው ስለሚከፍለው ነዋ!" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው ከቶ ለይቶ የማያያትን አንዲት የክር ስህተት አይቶ፣ የሠራውን ፈትቶ እንደገና የሚጀምር ሸማኔ አለ። ለዚያች ሰዓት የሚከፍለው የለም፤ የሚያመሰግነውም የለም። ጥበብ የምንላት ነገር እዚያች ላይ ነው የምትገኘው፤ "ይበቃል" ከሚባለው አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ሥራው ራሱ የሚጠይቀውን መስጠት ላይ። ይህ ከሆነ ደግሞ ጥበብ መድረክ አያስፈልጋትም። ሥራ ባለበት ሁሉ ልትገኝ ትችላለች ማለት ነው።

ባላሰብነው ቦታ

ከሀዋሳ ሳንወጣ እንመልከት። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ በዓል ከሚቀርቡት ምግቦች ዋናው ቡርሳሜ ነው፤ ከእንሰት የሚገኘው ዋሳ በቅቤ ተለውሶ፣ ከወተት ጋር ይቀርባል። የሚቀርበው ሻፌታ በሚባል የሸክላ ገበታ ነው፤ ቤተሰብና ጎረቤት ዙሪያውን ከብቦ ይመገባል።

ምግቡን ለጊዜው እንተወውና ሻፌታውን እንይ። ሸክላ ሠሪዋ የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም። አፈሩን ታመጣለች፣ ትፈጨዋለች፣ ታቦካዋለች፣ በእጇ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ በመጨረሻም በእሳት ትተኩሰዋለች። አንዱ ጎን ሳስቶ ሌላው ከወፈረ እሳቱ ላይ ይሰነጠቃል። ውፍረቱን የምትለካው ግን በማስመሪያ አይደለም፤ በጣቶቿ ነው። ጣቶቿ የሚያውቁትን "ንገሪን" ብንላት በቃል ልታስረዳን ይቸግራት ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን አለ። ዋሳውን ያዘጋጀችው እናትም እንዲሁ ናት። እንሰቱን ፍቃ፣ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብራ፣ መድረሱን የምታውቀው በሽታው፣ በመልኩና በእጇ ስትነካው ነው። ከእነዚህ ሁለት ሴቶች አንዳቸውም "ጥበበኛ" ተብለው መድረክ ላይ አልተጠሩም።

ከሀዋሳ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ ደግሞ ሀላባን እናገኛለን። ነዋሪው በብዛት ሙስሊም ነው። የገጠሩ ጎጆ ግድግዳ እንደሌላው ሀገር ጭቃ ነው፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ አጊጦ መንገደኛውን ያስቆማል። ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ምስል መሣል የፊቅህ ዑለሞች የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነውና ለባለቤቶቹ እንተወው። እኛ የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። ይህን ያስጌጡት ሰዎች ከሥዕል ትምህርት ቤት የወጡ አይደሉም፤ ቤት የሠሩ ገበሬዎች ናቸው። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን እያደበዘዘው መሄዱን ያውቃሉ። ሲደበዝዝ ደግሞ መልሰው ይቀቡታል። ግድግዳ ነፋስ ከከለከለ ይበቃ አልነበረምን? ለእነሱ ግን አልበቃም።

ከምሥራቅም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የከተማዋ ተወላጅ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ሥራቸውን የጀመሩት የድሮ የሐረሪ ዘፈን ካሴቶችን በመሰብሰብ ነበር። ከካሴቱ ተነሥተው ወደ ሳንቲም፣ ወደ አልባሳት፣ ወደ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ተሻገሩ። በዕድሜ ብዛት የተጎዱ ኪታቦች እጃቸው ሲገቡ ደግሞ ጥገናንና በሐረር ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረውን የቆዳ አጠራረዝ ሙያ ያዙ። ስብስባቸው ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሙዚየም ሆኗል። ካሴት ፍለጋ የወጣ ሰው የኪታብ ጠራዥ ሆኖ ይገኛል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ጥበብ እንዲህ ናት፤ ቀጥታ ፈልገዋት ሲሄዱ ሳይሆን አንድን ነገር ተንከባክበው ሲይዙ ከጎን ብቅ ትላለች።

የሚቆረቁረን ነገር

"ታዲያ የእኔ ጥበብ የትኛዋ ናት?" ብሎ የሚጠይቅ ካለ አንድ ምልክት ልጠቁመው። ብዙ ሰው ጥበብ በደስታ የምትጀምር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትጀምረው በመቆርቆር ነው። ሌላው ሰው ሳያየው አልፎ እናንተን ብቻ የሚቆረቁራችሁ ጉድለት ምንድን ነው? የአውቶቡስ ረዳቱ ጣሪያ ላይ የጫነውን ዕቃ አስሮ ከጨረሰ በኋላ አንዷ ገመድ ደስ ሳትለው ቀርታ እንደገና ወጥቶ ያስራታል። እናት የከመረችውን እንጀራ ስትሸፍን አንዱ ጠርዝ አፈንግጦ ብታይ እጇ ሳታስበው ያቃናዋል። የሒሳብ ሠራተኛው ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ መዝገቡ ለሚያነበው ሰው ግልጽ ስላልሆነ ደግሞ ይገለብጠዋል። መካኒኩ መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ እንኳ የሞተሩ ድምፅ ቅር ብሎት ይመልሰዋል።

"ምን አስቸገረህ? ይበቃ የለም እንዴ?" ሲባሉ የሚመልሱት አያገኙም። ይሁንና ያች መቆርቆር ተራ ነገር አይደለችም። ሥራው መሆን የሚገባውን መልክ በልባቸው አይተውታል ማለት ነው፤ ያላዩት ነገር ሊጎድልባቸው አይችልምና። ሠዓሊውና ዜመኛውም የሚነሡት ከዚህችው ቦታ ነው። ልዩነቱ የእነሱ ሥራ መድረክ አገኘ፤ የረዳቱ ገመድ ግን አላገኘችም።

ሃይማኖታችን ይህንን ምን ይለዋል?

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲሰማ "ኢሕሳን" የሚለው ቃል ትዝ ይለዋል። ቃሉ በዐረብኛ ውበት ማለት ከሆነው "ሑስን" ጋር አንድ ሥር አለው። በጎ ማድረግና አሳምሮ መሥራት በአንድ ቃል መጠራታቸው ብዙ ያስተምረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢሕሳን በነገር ሁሉ ላይ የተደነገገ መሆኑን ሲያስተምሩ የሰጡት ምሳሌ ምን ነበር? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ምሳሌው ዕርድ ነው፤ ቢላን መሳል፣ እንስሳውን አለማሠቃየት። አስተውሉ! ደምና ላብ ያለበትን፣ ማንም ከውበት ጋር የማያያይዘውን ሥራ ነው የመረጡት። ኢሕሳን እዚያ ከገባ የማይገባበት ሥራ የትኛው ነው?

በቁርኣን በሱረቱ ሰበእ የነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናነባለን። አላህ (ሱ.ወ) ብረትን እንዳለሰለሰላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ተነግሯል። ትእዛዙ ግን "ሥራ" በማለት ብቻ አልተወሰነም፤ አሠራሩን እንዲመጥኑም ታዝዘዋል። ብዙ ሙፈሲሮች ይህን የቀለበቶቹን ልክ ማስተካከል ብለው ተርጉመውታል። ቀለበቱ ከጠበቀ አካል አያላውስም፤ ከሰፋ ቀስት ያስገባል። ልኩን ያገኘ ጥሩር ያምራልም፣ ያድናልም። ነቢይና ንጉሥ የሆኑት ሰው ብረት ሠሪ ነበሩ፤ ከእጃቸው ሥራ ይበሉም ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት አደጋዎች

አንድ አስተዋይ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊያስቆመን ይገባል። "ከሚበቃው ማለፍ ብክነት አይሆንም ወይ? ማሳመርስ ለይታይልኝ በር አይከፍትም ወይ?" ቢለን ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሠርግ ድንኳንና ለሳሎን መጋረጃ ሲባል ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ እናውቃለን። ያ ጥበብ አይደለም፤ እስራፍ ነው። ሰው ሲያይ ብቻ የሚያሳምር፣ ብቻውን ሲሆን የሚያዝረከርክም ጥበበኛ አይደለም፤ ሪያእ ይዞታል። ከሁሉ የከፋው ውበትን ማታለያ ማድረግ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ አንድ የእህል ክምር ላይ እጃቸውን ሰድደው ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙትና ነጋዴውን የገሠጹት ለዚህ ነው። ከላይ ቀይ ቲማቲም ደርድሮ ከሥር የበሰበሰውን የሚሸጥ ሰው አደራደሩ ቢያምርም የሠራው ክሕደት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን በምን እንለያቸው? በቁርኣን ቤት የምንማር ልጆች ሉሕ የያዙበትን ነገር አስቡ። ልጁ እንጨቱን አለስልሶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ፊደሉን አስተካክሎ ይጽፋል። ትምህርቱን ሲሐፍዘው ሉሑን ያጥበዋል። ያ ያማረ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም። ግን ጽሑፉን አሳምሮ የጻፈው ልጅ ከንቱ አልደከመም። ፊደሉን ያከበረ ልቡ ከእሱ ጋር ቀርቷል። ስለዚህ ራሳችንን እንዲህ እንጠይቅ፦ ነገ የሚታጠብ መሆኑን እያወቅሁ ዛሬ አሳምሬ እሠራዋለሁን? ማሳመሬ የሶላት ሰዓቴን፣ የቤተሰቤን ጉርሻ፣ የሰው ሐቅ ይነካብኛልን? ላይኛውን ካሳመርኩ ሥሩስ እንደ ላዩ ነውን? እነዚህን ያለፈ ሥራ በቂውን ቢያልፍ አያስነውረውም።

ሻፌታውን አክብሮ ሠሪዋን መናቅ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ከላይ ያወሳናት ሸክላ ሠሪ በሀገራችን እንዴት ስትታይ ኖራለች? በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ወገኖች ለረጅም ዘመን እንደ ዝቅተኛ ሲቆጠሩ፣ ሌላው ከእነሱ ጋር ላለመብላትና ላለመጋባት ሲጠነቀቅ ኖሯል። ንቀቱ እየቀነሰ ቢመጣም በጋብቻ ላይ እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። ይህን የአንድ ሕዝብ ነውር አድርጎ መናገር ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሰሜኑም በደቡቡም፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም መንደር ስሙ እየተለዋወጠ ያለ በሽታ ነው። ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚሰበሰቡበትን ሻፌታ የሠራች እጅ ከገበታው እንድትርቅ ተደረገች! ከዚህ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ?

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። ብረት ሠሪው "ጠይብ" ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ቃሉ "ጠቢብ" ከሚለው ጋር አንድ ሥር እንዳለው ይነገራል። የክብር ስም ሰጥተን መልሰን ስድብ አደረግነው፤ ቀጥሎም "ቡዳ ነው" አልነው። በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ምላስ ሊታሰር ይችላል፤ ልብ ግን በአዋጅ አይታጠብም። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ዛሬ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሆነው ወደ ቤታችን ለጋብቻ ሽማግሌ ቢልኩ ኖሮ ምን ብለን እንመልስ ነበር? እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልሰው። የሰው ብልጫ በተቅዋ እንጂ በዘር ወይም በሙያ አለመሆኑን በአፋችን እየመሰከርን፣ ልጃችን የጠራዥ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ሲያጭ ፊታችን ከጠቆረ ምስክርነታችን የት ገባ?

የዚህ ንቀት ጉዳት በተናቀው ሰው ላይ ብቻ አያበቃም። በናቂውም ቤት ይገባል። ልጁ እንጨት መፈልፈል፣ ልጅቱ ሰፌድ መስፋት ወዳ ስትገኝ "ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም፣ መጽሐፍህን ያዝ፣ መጽሐፍሽን ያዢ" እያልን የሚቆረቁራቸውን ነገር ከእጃቸው እናስጥላለን። ትምህርቱ ግዴታ ነው፤ ይማሩ። ግን የእጅን ዕውቀት ማጥፋት የትምህርት ክፍያ ሊሆን አይገባውም። ሐረር ውስጥ እናቶች የሰፏቸው ሰፌዶች የቤቱን ግድግዳ ሞልተው ይታያሉ፤ እዚያ ቤት ያደገች ልጅ የእናቷን እጅ ዋጋ ለማወቅ ሙዚየም መሄድ አያስፈልጋትም።

በገበያም የምንፈጽመው በደል አለ። ሸክላ ሠሪዋን ተከራክረን ተከራክረን የቀነስነው ገንዘብ ለእኛ የአንድ ሻይ ዋጋ ይሆናል፤ ለእሷ ግን ድንጋይዋን ይዛ አንድ ጊዜ ደግማ የምትወለውልበት ጊዜ ነው። ችግር የበዛበት እጅ መቸኮሉ አይቀርም። "የዱሮው ሸክላ የት አለ!" እያልን የምናማርር ሰዎች ዋጋውን ማን እንደሰበረው እንጠይቅ።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን! የባህል አዳራሽ ይኑር፣ መድረኩም ይኑር። ሕዝብ ያለውን የሚያሳይበት ቦታ ያስፈልገዋል። የምንለው፣ መድረኩ መስኮት እንጂ የጥበብ ቤት ሁሉ አለመሆኑን እንወቅ ነው።

በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ሦስት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሌሎቹ ሳያዩት የሚያልፉትን፣ እሱን ግን የሚቆረቁረውን ነገር ይናገር፤ ትንሹም ትልቁም ሳይሣቅበት ይሰማ። አባት የልጁን፣ ባል የሚስቱን ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ካለው ዕቃ አንዱን አንሥታችሁ ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራው ለልጆች ንገሩ፤ የማታውቁ ከሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከምትሠሩት ሥራ አንዱን፣ ማንም የማያየውን፣ በጣም ትንሹን መርጣችሁ ለአላህ ብላችሁ አሳምሩት፤ ለማንም አትንገሩ።

ሰው ላያየው ይችላል። ያላየው ሰው ነው እንጂ አላህ አይደለም። ኢሕሳን ማለትም ይኸው ነው፤ አላህ እንደሚያየን አውቀን መሥራት። መድረክ ያላገኘች እጅ ተመልካች አላጣችም።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራቸውን ከሚያሳምሩ፣ ሠሪን ከሚያከብሩ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።